ስም የሌለው ዳኛ

በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች በመንደር ውል ቤት የገዛ ሰው ብዙ ነው። ሻጭና ገዥ ይስማማሉ፣ አንድ ጽሑፍ የሚችል ሰው ውሉን ይጽፋል፣ ሦስት አራት ምስክሮች ይፈርማሉ፣ ገንዘብ ይቆጠራል፣ ቁልፍ ይሰጣል። ዓመታት አልፈው የቤቱ ዋጋ ሲንር ሻጩ ወይም ወራሾቹ ፍርድ ቤት ይሄዱና «ይህ በሕግ ፊት ውል አይደለም» ይላሉ። ያን ጊዜ የገዥው ዕጣ የሚንጠለጠለው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ትርጉም ላይ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 የሰጠው ትርጉም በሕግ ባለሙያዎች ዘንድ በሚገባ ይታወቃል። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ካልተደረገ የጸና አይደለም።

ይህ ትርጉም የሁለት ተከራካሪዎች ጉዳይ ሆኖ አልቀረም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ሁሉ እንዲያስገድድ ደነገገ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234ም ይህንኑ መንገድ ቀጥሎበታል። ሞያሌ ያለ የወረዳ ዳኛ ቢያምንበትም ባያምንበትም የአምስቱን ዳኞች ትርጉም ይከተላል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሳል። አምስቱ ዳኞች ቢሳሳቱስ? ሕገ መንግሥታዊ ጥያቄ ካልተነሳ በቀር ከሰበር በላይ የሚኬድበት ችሎት የለም። ሰበር ራሱ አቋሙን ሊለውጥ ይችላል፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ሕጉን ሊያሻሽል ይችላል። ሁለቱም ግን «እዚህ ላይ ስህተት አለ» ብሎ በምክንያት የሚያሳያቸው ሰው ይፈልጋሉ። ያ ሰው ብዙ ጊዜ የሕግ ትምህርት ቤት መምህር ነው። መድረኩም የሕግ ጆርናል ነው። መድረኩ ላይ ማን እንደሚወጣና ማን እንደሚቀር የሚወስነው ደግሞ ስሙ የማይገለጥ ዳኛ ነው፤ ገምጋሚው።

ለዚህ ነው የሕግ ጆርናል የአቻ ግምገማ የምሁራን የጓዳ ጉዳይ ብቻ ያልሆነው። ቤት የገዛውን፣ ከሥራ የተባረረውን፣ በውርስ የሚካሰሰውን ሰው በሩቁ ይነካል። ታዲያ ሌላው ዳኛ ሁሉ ፍርዱን በአደባባይ እንዲያነብ ሲጠየቅ ይህኛው ዳኛ በምን ሥርዓት ይፈርዳል?

ጽሑፉ የሚሄድበት መንገድ

አንድ መምህር አንቀጽ 1723ን ከአንቀጽ 2877 ጋር አስተያይቶ የሰበርን ትርጉም የሚተች ጽሑፍ ጻፈ እንበል። ክርክሩ ባዶ አይደለም። አንቀጽ 2877 ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ለይቶ ሲናገር ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ የለውም ይላል፤ ስለ አዋዋይ አያነሳም። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 2878 ደግሞ ሽያጩ ሦስተኛ ወገኖችን የሚነካው ሲመዘገብ እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ በሻጭና በገዥ መካከል ጽሑፍ ብቻ ይበቃል ወይ? ልዩው ሕግ አጠቃላዩን ይገዛል ወይስ ሁለቱ ተደጋግፈው ይነበባሉ? ጸሐፊው ይህን ሠላሳ ገጽ ላይ አስፍሮ ለጆርናሉ ይልካል።

መጀመሪያ የሚያየው ዋና አርታኢው ነው። ጽሑፉ በጆርናሉ ዘርፍ ውስጥ ይወድቃል? ከሌላ ሥራ የተቀዳ አይደለም? አዲስ ነገር አለው? የመመረቂያ ጽሑፍ አንድ ምዕራፍ ተቆርጦ የተላከ አይደለም? ብዙ ጽሑፍ ከዚህ ሳያልፍ ይመለሳል። ይህ ብዙ ጊዜ ጸሐፊውን ከመጉዳት ይልቅ ይጠቅመዋል፤ ወራት ጠብቆ የሚሰማውን «አይሆንም» በሳምንታት ውስጥ ይሰማዋል።

ካለፈ አርታኢው የጸሐፊውን ስም ከፊቱ ገጽ ላይ ያነሳል። ከኮምፒውተር ፋይሉ መረጃ ውስጥም ያጠፋል። «ከዚህ ቀደም ባሳተምኩት ሥራ እንዳሳየሁት» የሚል የግርጌ ማስታወሻ ካለም እንዲስተካከል ያደርጋል። ከዚያ በዘርፉ ያወቁ ሁለት ሰዎች ይፈልጋል። ሁለት የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነው። ገምጋሚዎቹ ጸሐፊውን አያውቁም፣ ጸሐፊውም እነሱን አያውቅም፣ እርስ በርሳቸውም አይተዋወቁም። እንዲህ ዓይነቱ ግምገማ ከሁለቱም ወገን የተሸፈነ ነው ይባላል።

ገምጋሚዎቹ ከአራት አንዱን ይወስናሉ፦ እንዳለ ይታተም፣ በጥቂቱ ተስተካክሎ ይታተም፣ በብዙ ተሻሽሎ እንደገና ይምጣ፣ አይታተም። እንዳለ ይታተም የሚባል እምብዛም የለም። ሁለቱ ካልተስማሙ አርታኢው ሦስተኛ ሰው ይጠራል ወይም ራሱ ይፈርዳል። ይህ መሰመር አለበት፤ ገምጋሚው አስተያየት ሰጪ ነው፣ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው አርታኢው ነው። ብዙ ጸሐፊዎችና ብዙ አርታኢዎች ይህን ይረሳሉ። አርታኢው «ገምጋሚው አይሆንም አለ» ብሎ እጁን ሲታጠብ ኃላፊነቱን ስሙ ለማይታወቅ ሰው አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው።

በሕግ ዘርፍ ገምጋሚ ምን ይፈልጋል?

በሐኪሞች ጆርናል ገምጋሚው ናሙናውንና ስሌቱን ይመረምራል። በሕግ ጽሑፍ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ቤተ ሙከራም ስሌትም የለም። ያለው ክርክር ነው፤ ክርክሩም በምንጭ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ጥሩ ገምጋሚ የመጀመሪያ ጥያቄው «ሕጉ አሁንም አለ ወይ?» የሚል ነው።

ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም። የ1952ቱ ንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243፣ ሲተካ ሁሉም መጽሐፉ አልተሻረም። ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የሚናገሩት ክፍሎች ተተኩ፤ ስለ ኢንሹራንስና ስለ ተላላፊ ሰነዶች የሚናገሩት ግን ቀጠሉ። ይህን ያላስተዋለ ጸሐፊ የሞተውን ሕያው፣ ሕያውን የሞተ አድርጎ ሊጽፍ ይችላል። የሠራተኛ ጉዳይም እንዲሁ ነው፤ የ1996ቱን አዋጅ ቁጥር 377 የ2011ዱ ቁጥር 1156 ተክቶታል። የድሮውን አንቀጽ ቁጥር ይዞ የሚከራከር ጽሑፍ ታትሞ ቢወጣ፣ አንብቦት ፍርድ ቤት የሚሄድ ወጣት ጠበቃ ደንበኛውን ይዞ ይወድቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ «የትኛውን ቋንቋ አነበብክ?» ነው። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣል። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ሁለቱ ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። የሀገሪቱ የሕግ ጆርናሎች ግን በአብዛኛው የሚታተሙት በእንግሊዝኛ ነው። ጸሐፊው በእንግሊዝኛ ያስባል፣ የእንግሊዝኛውን ዓምድ ይጠቅሳል፣ በእንግሊዝኛ ይደመድማል። ዳኛው የሚፈርደው ደግሞ በአማርኛው ዓምድ ላይ ነው። በአንድ ቃል ልዩነት ሙሉ ክርክር ሊፈርስ ይችላል። ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ገምጋሚ ጆርናሉን ከውርደት ያድናል።

ሦስተኛው የግርጌ ማስታወሻ ነው። የሕግ ጽሑፍ ግማሽ አካሉ ከመስመር በታች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የተጠቀሰው መዝገብ በእርግጥ እንዲያ ይላል? ወይስ ጸሐፊው መዝገቡን ሳያይ ሌላ ሰው የጻፈውን ገልብጦ ነው? አንድ የተሳሳተ ጥቅስ አንድ ጊዜ ከታተመ ተከታዩ ይወስደዋል፤ ከዚያ የሚመጣውም ከእርሱ ይወስዳል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ እውነት ሆኖ ያርፋል።

አራተኛውና ዋናው ግን የተቃራኒ ወገን ድምፅ ነው። ሰበርን የሚተች ጽሑፍ የሰበርን ምክንያት በጥንካሬው ልክ አቅርቦ ካልመለሰው ትችት ሳይሆን ስሞታ ነው። የውል ምዝገባ የሚፈለገው አንድ ቤት ለሦስት ሰው እንዳይሸጥ፣ አታላይ ሻጭ እንዳይበዛ ነው። ይህን ዘሎ ስለ አንቀጽ 2877 ብቻ የሚያወራ ጽሑፍ ግማሽ ጽሑፍ ነው። ጥሩ ገምጋሚ በዚህ ጊዜ «አልስማማም» አይልም። «የዳኞቹን ምክንያት መልስልኝ» ይላል። በእነዚህ ሁለት አነጋገሮች መካከል ያለው ርቀት በጥሩና በመጥፎ ግምገማ መካከል ያለው ርቀት ነው።

የአሜሪካኖቹ ሌላ መንገድ

ሁሉም ሀገር እንዲህ አይሠራም። አሜሪካ ውስጥ የሕግ ጆርናል ታሪክ ለየት ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 የተመሠረተውን የሃርቫርድ የሕግ ጆርናል የሚያዘጋጁት ተማሪዎች ናቸው። ባራክ ኦባማ መጀመሪያ ስሙ በሀገር የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1990 የዚህ ጆርናል የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ ነው። ሌሎቹም ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው ይህን ፈለግ ተከተሉ። ፕሮፌሰሩ የጻፈውን ተማሪው ይመርጣል፣ ያርማል፣ ይመልሳል።

በሌላ ዘርፍ አንድ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለአንድ ጆርናል ብቻ ይላካል። በአሜሪካ የሕግ ዓለም ግን ለብዙ ጆርናሎች በአንድ ጊዜ መላክ የተለመደ ነው። አንዱ ከተቀበለው ጸሐፊው ያንን ይዞ «እነ እገሌ ተቀብለውኛል፣ እናንተስ?» እያለ ወደ ታወቁት ይወጣል። ከገበያ የዋጋ ድርድር ብዙም አይለይም። ተቺዎቹ ተማሪ የጽሑፉን ጥልቀት መመዘን ስለማይችል የጸሐፊውን ዩኒቨርሲቲ ስም ይመዝናል ይላሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ ተማሪዎቹ እያንዳንዱን የግርጌ ማስታወሻ ምንጩ ድረስ ሄደው ያረጋግጣሉ፣ ይህን የሚያደርግ ሥራ የበዛበት ፕሮፌሰር የለም ይላሉ። ሁለቱም ያሉት እውነትነት አለው።

ኢትዮጵያ የተከተለችው የአቻ ግምገማን ነው። የሕግ ፋኩልቲው እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ በዓመቱ የኢትዮጵያ የሕግ ጆርናል መታተም ጀመረ። የወቅቱ ጆርናል ከጥናታዊ ጽሑፍ ጋር የፍርድ ቤት ውሳኔዎችንም ያወጣ ነበር፤ ያኔ ሕጎቹ አዲስ ነበሩና ዳኛውም መምህሩም አብረው ይማሩበት ነበር። ዛሬ የቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ ሚዛን የሕግ መጽሔትን ጨምሮ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውጭ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም የየራሳቸው የሕግ ጆርናል አላቸው። መድረኩ ሰፍቷል። የገምጋሚው ቁጥር ግን መድረኩ በሰፋበት ልክ አልሰፋም። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሆድ ሲያውቅ

ስም መሸፈን ለምን እንዳስፈለገ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ነው። ታዋቂ ጆርናሎች ላይ ቀድመው የታተሙ 12 ጽሑፎችን ወሰዱ፤ የጸሐፊዎቹንና የተቋማቱን ስም ማንም በማያውቀው የፈጠራ ስም ለወጡ፤ ለዚያው ላተማቸው ጆርናል መልሰው ላኩ። ቀድሞ መታተማቸው የታወቀው የ3ቱ ብቻ ነው። ከቀሩት 9 ውስጥ 8ቱ «ደካማ ነው» እየተባሉ ተመለሱ። የጽሑፉ ይዘት ያው ነው፤ የተለወጠው በዋናነት ስሙ ነው።

ስለዚህ ስም ይሸፈን የሚለው ሐሳብ ትክክል ነው። ግን ትንሽ ከተማ ውስጥ ፊትን መሸፈን ምን ያህል ይሠራል? በኢትዮጵያ ስለ ግብር ሕግ፣ ስለ ሕገ መንግሥት ትርጉም ወይም ስለ መሬት ሕግ በቋሚነት የሚጽፉት ሰዎች የሚተዋወቁ ናቸው። አብረው ተምረዋል፣ አንዱ የሌላውን የማስተርስ ጽሑፍ አማክሯል፣ አንድ ዎርክሾፕ ላይ ሻይ ጠጥተዋል። ጽሑፉ ከመላኩ በፊት በዚያ ዎርክሾፕ ላይ ቀርቧል። ገምጋሚው ሁለት ገጽ እንዳነበበ የማን እንደሆነ ያውቀዋል። ጸሐፊውም የደረሰውን አስተያየት አንብቦ «ይሄ የእነ እገሌ አነጋገር ነው» ይላል። ሁለቱም እያወቁ ያላወቁ ይመስላሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው ነው።

ይህ ሁለት በሽታ ያመጣል። አንደኛው መሸፋፈን ነው፤ ወዳጅ ለወዳጅ «ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ጥቂት የፊደል ግድፈት ይታረም» ብሎ በአንድ አንቀጽ ያሳልፋል። ሁለተኛው ቂም ነው፤ በስብሰባ ላይ የተቃረነ ሰው ጽሑፍ እጁ ሲገባ ጭምብሉን ተከናንቦ ይበቀላል። አንደኛው ደካማ ጽሑፍ ያሳትማል፣ ሁለተኛው ጠንካራውን ይቀብራል። ለአንባቢ የሚታየው የታተመው ብቻ ስለሆነ የተቀበረው ስንት እንደሆነ ማንም አይቆጥርም።

ሕጉ ለራሱ ሰዎች ይሥራ

የሚገርመው ለዚህ ችግር መድኃኒቱን ከሌላው ሙያ ሁሉ ይልቅ የሕግ ሰዎች ያውቁታል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ ሦስቱን መርሆች ይዘረዝራል፦ ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሁን፤ ሌላውም ወገን ይሰማ፤ ፍርድ ምክንያት ይኑረው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 182 ፍርድ ጭብጡን፣ ውሳኔውንና የውሳኔውን ምክንያት እንዲይዝ ያዛል። አንድ የወረዳ ዳኛ የአምስት ሺህ ብር ክርክር ሲወስን ምክንያቱን ይጽፋል። የአንድን መምህር የሁለት ዓመት ድካም ውድቅ የሚያደርግ ገምጋሚ ግን «ጽሑፉ ደረጃውን አልጠበቀም» ብሎ በአንድ መስመር ሊያልፍ ይችላል። ይህን ዓይነት ፍርድ ይግባኝ ሰሚ ቢያገኘው በመጀመሪያው ቀጠሮ ይሽረው ነበር።

በቀድሞው የኢትዮጵያ የችሎት ሥርዓት ውስጥም ለዚህ የሚሆን ትምህርት አለ። በንጉሠ ነገሥቱ ችሎት ፍርድ ሰጪዎች ሐሳባቸውን የሚሰጡት በማዕረግ ከታናሹ ጀምረው ወደ ላይ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ ቃል የመጨረሻው ነው። ታላቁ ቀድሞ ከተናገረ ታናሹ የሚጨምረው ነገር አይኖርም፤ ይከተላል እንጂ። ታናሹ ሲቀድም ግን የራሱን ይናገራል። ሁለት ገምጋሚዎች አንዱ የሌላውን ሳያይ እንዲጽፉ የሚደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። ልዩነቱ በችሎቱ ላይ ሁሉም ቆሞ ፊቱን አሳይቶ መናገሩ ነው። ፊት ከተሸፈነ ቢያንስ ምክንያቱ መገለጥ አለበት።

ምክንያት የተጻፈበት ግምገማ ኃይሉ ስንት እንደሆነ ከሌላ ዘርፍ አንድ ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1936 አልበርት አንስታይን ከባልደረባው ናታን ሮዘን ጋር ሆኖ የስበት ሞገድ የለም ብሎ የሚደመድም ጽሑፍ ለአንድ የአሜሪካ የፊዚክስ ጆርናል ላከ። አርታኢው ለገምጋሚ ሰጠው፤ ገምጋሚው ስህተቱን ዘርዝሮ መለሰ። አንስታይን «እንድታትሙት እንጂ ለሌላ ሰው እንድታሳዩት አልላክሁም» በሚል ቁጣ ጽሑፉን አነሳ። ጥቂት ቆይቶ ግን በሌላ ጆርናል ያወጣው ጽሑፍ መደምደሚያው ተለውጦ ነበር። ስም የሌለው ገምጋሚ ልክ ነበር። ልክነቱ የታወቀው ግን «አልወደድኩትም» ስላለ ሳይሆን የት ላይ እንደተሳሳተ በዝርዝር ስለጻፈ ነው።

በነፃ የሚሠራ ሥራ

ለፍትሕ ሲባል የገምጋሚውም ወገን ይሰማ። አንድን የሕግ ጽሑፍ በደንብ መገምገም ቀናት ይፈጃል። አዋጁን ማውጣት፣ መዝገቡን መፈለግ፣ ሁለቱን ቋንቋ ማስተያየት፣ ሦስት አራት ገጽ አስተያየት መጻፍ ይጠይቃል። ለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ የለም፣ ቢኖርም ትንሽ ነው፣ ስምም አይወጣም። ኑሮ በተወደደበት ጊዜ የመምህር ደመወዝ ከወር ወር አያደርስም። ያው ሰው ያንን ሰዓት ለማማከር ሥራ ቢያውለው ገንዘብ ያገኛል። አርታኢው ለአምስት ሰው ደብዳቤ ልኮ አንድ መልስ ሲያገኝ ዕድለኛ ነው። ጽሑፉ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ የሚተኛው በዚህ ምክንያት ነው።

በሌላ በኩል ጸሐፊው መቸኮሉ አያስገርምም። በዩኒቨርሲቲ ረዳት ፕሮፌሰርና ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመሆን የታተመ ሥራ ይጠየቃል። አንድ ጽሑፍ ዓመት ከተኛበት ዕድገቱም አብሮ ይተኛል። በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው አጭበርባሪዎቹ ጆርናሎች የሚገቡት። በኢሜይል «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብለው ይጠራሉ፣ በሁለት ሳምንት እናትማለን ይላሉ፣ በዶላር ያስከፍላሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ በስህተት የተሞላ የፈጠራ የሳይንስ ጽሑፍ አዘጋጅቶ አቻ ግምገማ አለን ለሚሉ 304 ጆርናሎች ላከ፤ 157ቱ ተቀበሉት። በሳይንስ እንዲህ ከሆነ በቤተ ሙከራ ሊረጋገጥ በማይችለው የሕግ ክርክር ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የትምህርት ሚኒስቴር የሀገር ውስጥ ጆርናሎችን እየገመገመ እውቅና መስጠቱ ለዚህ አንድ መልስ ነው። ግን እውቅና ጆርናሉን እንጂ እያንዳንዱን ግምገማ አያይም። በማኅተም ያማረ ጆርናል ውስጥም በአንድ መስመር የተጻፈ ፍርድ ሊኖር ይችላል።

«ታዲያ ለምን አይቀርም?»

አንዳንዶች ግምገማ የሚባለው ቀርቶ ሰው የጻፈውን በቀጥታ ያውጣ፣ አንባቢ ይፍረድ ይላሉ። በማኅበራዊ ሚዲያ ዘመን ሐሳቡ ይማርካል። ሰበርን የሚተች አጭር ጽሑፍ በአንድ ሌሊት ብዙ ሺህ ሰው ያነበዋል፤ ጆርናሉን ግን ጥቂቶች ናቸው የሚከፍቱት።

ነገር ግን አንባቢ በምን ይፈርዳል? አንቀጽ 2877 በእርግጥ እንደተባለው መሆኑን ስንቱ ገልጦ ያያል? የግምገማ ጥቅሙ የጽሑፉን እውነትነት ማረጋገጡ አይደለም፤ ያን ማንም ማድረግ አይችልም። ጥቅሙ ጽሑፉ አደባባይ ከመውጣቱ በፊት ጉዳዩን የሚያውቅ ቢያንስ ሁለት ሰው በጥርጣሬ ዓይን አንብቦታል፣ ጸሐፊውም ለጥያቄያቸው መልስ ሰጥቷል ማለት መቻሉ ነው። አምስት ዳኞች የፈረዱትን የሚነቅፍ ሰው ይህን ያህል ፈተና ቢያልፍ አይበዛበትም። ፈተናውን ያለፈ ትችት ደግሞ ዳኛው ሊያጣጥለው አይቀለውም።

ማሻሻያው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አርታኢው ምክንያት የሌለውን ግምገማ ለገምጋሚው ይመልስ። ገምጋሚው ጸሐፊውን ካወቀው፣ ከጽሑፉ ጋር የሚነካካ ጉዳይ ይዞ በጠበቃነት ከቆመ ወይም ከተጣላው፣ ዳኛ ከችሎት እንደሚነሳ ይነሳ። ጸሐፊው ውድቅ ሲደረግበት አንድ ጊዜ መልስ የመስጠት መብት ይኑረው፤ መልሱንም ሦስተኛ ሰው ይየው። ዩኒቨርሲቲዎች ግምገማን እንደ ሥራ ቆጥረው ለዕድገት ነጥብ ይስጡበት፤ አሁን የሚያሳትም ይሾማል፣ የሚገመግም ይደክማል። ጆርናሎችም በዓመቱ መጨረሻ የገምጋሚዎቻቸውን ስም የማንን ጽሑፍ እንዳዩ ሳይገልጡ ያመስግኑ። በመጨረሻም የሰበር ውሳኔ ላይ የሚጻፍ አጭር ትችት በአማርኛ የሚታተምበትና በአማርኛ የሚገመገምበት ገጽ ይስፋ፤ ፍርዱ በአማርኛ ከተጻፈ ትችቱ ዳኛው በሚያነበው ቋንቋ ቢደርሰው ነው የሚሻለው።

የሕግ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ምክንያት የሌለው ፍርድ ፍርድ አይደለም ብለው ያስተምራሉ። ያንኑ ቃል ማታ ቤታቸው ገብተው የሌላውን ሰው ጽሑፍ ሲከፍቱ ካስታወሱት፣ ስም የሌለው ዳኛ መኖሩ ያን ያህል አያስፈራም።